በነጻ የተሰጠንን መሣሪያ እንወቅበት

(በዘንድሮው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ቀን፣ በከሰዓት በኋላው መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ዳታ አንድ ነገር በል» ብለውኛል። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አወራለሁ ብላችሁ የጠበቃችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው። እኔ ዛሬ ዝቅ ያለ የሚመስል ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት፦ ተማሪዎቻችን በምን ይቆጥራሉ? የሚቆጥሩበት መሣሪያስ የማን ነው?

በቀድሞው ዘመን መልሱ ቀላል ነበር። ካልኩሌተር፣ ከመጽሐፉ ጀርባ ያለው የቲ እና የካይ-ስኩዌር ሠንጠረዥ፣ ካሬ ወረቀት። በኋላ ላቡ ውስጥ ኮምፒውተር ገባ። ከኮምፒውተሩም ጋር በማውዝ እየተጫኑ የሚሠሩበት የስታቲስቲክስ ፕሮግራም መጣ። የፈቃዱ ዋጋ ለተማሪ ቀርቶ ለደመወዝተኛም የማይቀመስ በመሆኑ፣ ፕሮግራሙ በየአገሩ ዩኒቨርሲቲ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር ኖረ። «ክራኩ አለህ?» የሚለው ጥያቄ «ማስታወሻህን አውሰኝ» እንደማለት ሆነ። ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ አማራጭ ያላየ ሰው ያገኘውን ነው የሚይዘው። ግን ነጻ የመሰለን ነገር ዋጋ ሲያስከፍለን ቆይቷል።

አንደኛው ዋጋ የሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍና እንደ ዜማ ሁሉ የሚጠበቅ የቅጂ መብት ያለው ሥራ ነው። የሌላውን ጽሑፍ ያለ ምንጭ መገልበጥ ነውር ነው ብለን እያስተማርን፣ በዚያው ክፍል ውስጥ ፈቃድ በሌለው ፕሮግራም ብንሠራ ትምህርታችን እርስ በርሱ ይጋጫል። ሁለተኛው ዋጋ የደኅንነት ነው። የተሰበረ ፕሮግራም አይታደስም፤ ከሰባሪው ፋይል ጋር ምን ተደብቆ እንደሚገባም ማንም አያውቅም።

ሦስተኛው ግን ከሁለቱም ይብሳል፤ እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለዳታ ባለሙያነት ለሚያመለክቱ ወጣቶች የተግባር ፈተና እንሰጣለን። ፈተናው ከባድ አይደለም፦ አንድ ፋይል ከፍተው ጠቅልለው እንዲያሳዩንና አንድ ግራፍ እንዲሠሩ ነው። አንዲት ልጅ መጣች፤ ነጥቧ በጣም ጥሩ ነው። በቃል ስንጠይቃት ሪግሬሽንን አሳምራ አስረዳችን። ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጥ ግን ዞር ብላ «ሶፍትዌሩ የለም እንዴ?» አለች። የለመደችው ፕሮግራም መሥሪያ ቤታችን አልተገዛም። ያንን ሜኑ ካጣች እጇ ታሰረ። ልጅቷ ስታቲስቲክስ ታውቃለች፤ የተማረችው ግን በተውሶ ቤት ነው፤ ቁልፉ ሲወሰድባት ውጭ ቀረች። እንዲህ ያለ ጉዳይ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ዛሬ አላነሳውም ነበር።

እንግዲህ አማራጩ ምንድን ነው? ኦፕን ሶርስ ወይም ክፍት ምንጭ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ምን ማለት እንደሆነ በቤታችን ነገር ላስረዳ። እንጀራ ገዝተህ ስትበላ ዛሬ ጠገብክ፤ ነገም ትገዛለህ። ጎረቤትህ እርሾ ስትሰጥህ ግን የሰጠችህ መጋገሪያውን ነው። ታቦካበታለህ፣ እንደ ቤትህ ልማድ ታስተካክለዋለህ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ጎረቤት ሲቸግራት ከዚያው ቀንሰህ ትሰጣለህ። ክፍት ምንጭ እርሾ ነው። መጠቀም፣ ውስጡን ማንበብ፣ ማሻሻልና ለሌላ ማስተላለፍ ይፈቀዳል። አንዳንዱ ፈቃድ እንዲያውም «አሻሽለህ ለሌላ ስትሰጥ አሠራሩንም አብረህ ስጥ» ብሎ ያስገድዳል።

በስታቲስቲክስ ዓለም የታወቀው እርሾ «አር» ይባላል። … ሳቃችሁን ጨርሱ። አዎ፣ ስሙ በእኛ ቋንቋ ሲጠራ ትንሽ ያሳፍራል፤ እናት ፊት «በምንድን ነው የምትሠራው?» ተብሎ ሲጠየቅም መልሱ ይከብዳል። ፈረንጆቹ ግን ከአንዲት የፊደላቸው ቁምፊ ነው ያወጡት። ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የሚባሉ ሁለት መምህራን በኒው ዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀመሩት፤ የሁለቱም የመጀመሪያ ስም በዚያች ቁምፊ ይጀምራል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በአሜሪካ ቤል ላብስ ውስጥ ጆን ቼምበርስና ባልደረቦቹ የሠሩት «ኤስ» የሚባል ቋንቋ ነበርና ስሙ የእሱም ማስታወሻ ነው።

መምህሮቻችን ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ፦ ሁለቱ ሰዎች የተነሡት ዓለምን ለመለወጥ አልነበረም። ለተማሪዎቻቸው ላብ የሚሆን የተሻለ መሣሪያ አጥተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ለሌሎች አሳዩት። በ1995 ማርቲን ሜክለር የሚባል የስዊዘርላንድ ስታቲስቲክስ ባለሙያ አሳምኗቸው በነጻ ፈቃድ ለቀቁት። በ1997 ከተለያዩ አገሮች የተውጣጣ ዋና ቡድን ተቋቋመ። የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2000 ነው። ዛሬ በዋናው ማከማቻ ውስጥ ከ20,000 በላይ ተጨማሪ ፓኬጆች አሉ፤ ሁሉም በነጻ ይወርዳሉ። ከአንድ የማስተማሪያ ክፍል ችግር የተነሣ ነገር ነው እዚህ የደረሰው።

ጎን ለጎን ፓይተን አለ። ፓይተን ለአጠቃላይ ፕሮግራሚንግ የተሠራ ቋንቋ ቢሆንም፣ ዌስ መኪኒ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው «ፓንዳስ» የሠንጠረዥ ሥራን አቀለለበት። ግራፍ የሚሠራበትን «ማትፕሎትሊብ» ደግሞ ጆን ሃንተር የሚባል የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ታካሚዎች የአንጎል ሞገድ ለማየት ብሎ ነው የጀመረው። ሃንተር እ.ኤ.አ. በ2012 ቢሞትም ሥራው አልሞተም፤ ሌሎች ተቀበሉት። ባለቤቱ ሲሞት ወይም ድርጅቱ ሲዘጋ የማይቀበር መሣሪያ ማለት ይህ ነው።

አሁን «ታዲያ ለእኛ ምን ይጠቅማል?» ለሚለው ሦስት ምሳሌ ልስጥ። ሦስቱም ከደጃችን ናቸው።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። በዚህ ዳታ ስንት የማስተርስ ቴሲስ እንደተሠራ መምህራኑ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው ጥናት በ645 የቆጠራ ቦታዎች 16,650 ቤተሰቦችን አነጋግሯል፤ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው 15,683 ሴቶች መልስ ሰጥተዋል። ነገር ግን እነዚህ ሴቶች ከአገሪቱ በእኩል ዕጣ የወጡ አይደሉም። እንደ ሐረሪ ያለው ትንሽ ክልል ለብቻው የሚታመን ግምት እንዲኖረው ሲባል ከሕዝብ ድርሻው በላይ ተወክሏል። ስለዚህ እያንዳንዱ መልስ የራሱ ክብደት አለው። ደግሞም በአንድ የቆጠራ ቦታ ያሉ ሰዎች ይመሳሰላሉ፤ አንድ ውኃ ይጠጣሉ፣ አንድ ጤና ኬላ ይሄዳሉ። ይህን ሳናስገባ ብናሰላ አማካዩ ሊዛባ ይችላል፤ የስህተት ህዳጉም አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ ጠብቦ ይወጣል፤ «ጉልህ ነው» ያልነው ውጤት ጉልህ ላይሆን ይችላል። በአንዳንድ የንግድ ፕሮግራሞች ይህን የሚያሰላው ክፍል ለብቻው የሚሸጥ ነው። በአር ላይ ግን ቶማስ ለምሊ የሠራው «ሰርቬይ» የሚባል ፓኬጅ ይህንኑ ያለ ምንም ክፍያ ይሠራል። ተማሪው የመረጣውን ንድፍ አንድ ጊዜ ያስረዳዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ ንድፉን ያከብራል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ይህ ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። የጤና ጣቢያ መዝገብ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። ጸሐፊዋ «30/2/2014» ብላ ታስገባለች፤ ጥቅምት 30 ማለቷ ነው። ፈረንጅኛ ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ግን ሁለተኛው ወር 30ኛ ቀን ስለሌለው ባዶ ያደርገዋል። ጳጉሜንማ ጭራሽ አይታወቅም፤ 13ኛ ወር የለውም። የባሰው ደግሞ ሳይጮህ የሚያልፈው ነው። አንድ ታካሚ ነሐሴ 30 ቀን 2014 ተኝቶ መስከረም 1 ቀን 2015 ወጣ እንበል። በመካከል አምስት የጳጉሜን ቀናት አሉ፤ ቆይታው 6 ቀን ነው። 30/12ን እና 1/1ን እንደ ፈረንጅ ቀን ያነበበ ፕሮግራም 2 ቀን ይላችኋል። ስህተት መሆኑን የሚነግር ቀይ መስመር አይወጣም። አልጋ፣ መድኃኒትና በጀት በዚያ ቁጥር ይታቀዳል።

መፍትሔው ምንድን ነው? በዝግ ፕሮግራም ከሆነ ለአምራቹ ደብዳቤ ጽፎ መጠበቅ ነው። በክፍት መሣሪያ ግን ቀኑን የሚቀይር አጭር ፈንክሽን አንድ ጎበዝ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይጽፋል፤ ሌላው ይፈትሸዋል፤ ሁሉም ይጠቀምበታል። ይህ ምኞት ብቻ አይደለም። የኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው፣ የአገራችን ጤና ሚኒስቴርም የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 የሚባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ክፍት ምንጭ ነው፤ የኢትዮጵያን አቆጣጠርም በምርጫው ውስጥ ይዟል።

ሦስተኛው ፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሆኖም አንድ ተማሪ በግራፉ ላይ «አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ሲዳማ» ብሎ ሲጽፍ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው ሊወጡበት ይችላሉ። ምክንያቱ ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት የፊደል ቅርጽ ግዕዝን አለማካተቱ ነው። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ወይም «አቢሲኒካ» የሚባሉትን፣ በነጻ የሚገኙ ቅርጾች ጭኖ በአንድ መስመር ማዘዝ ይበቃል። ሃድሊ ዊክሃም የሠራው «ጂጂፕሎት2» ደግሞ ግራፍን እንደ ሰዋስው ያያል፦ ዳታው፣ ከዳታው ጋር የሚገናኘው ልኬት፣ ከዚያ ነጥቡ ወይም መስመሩ፣ ከዚያ ቀለሙ፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል። ሐሳቡ ሊላንድ ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የተመሠረተ ነው። ወረዳ ላይ ለሚቀርብ ሪፖርት የአማርኛ ወይም የአፋን ኦሮሞ ግራፍ መሥራት ጌጥ አይደለም። ገበሬው ማኅበር ፊት የማይነበብ ግራፍ አልተሠራም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ገንዘብ መቆጠብ ጥሩ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ዱካ ነው። በማውዝ የተሠራ ሥራ ዱካ አይተውም፤ ምን ተጫነ፣ የትኛው ረድፍ ተሰረዘ፣ ማን ያስታውሳል? በኮድ የተሠራ ሥራ ግን ከፋይሉ መክፈቻ እስከ መጨረሻው ግራፍ ድረስ ተጽፎ ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የሚባሉ ታዋቂ ኢኮኖሚስቶች ስለ መንግሥት ዕዳና ዕድገት አንድ ጥናት አወጡ። ጥናቱ በብዙ አገር የበጀት ክርክር ላይ ተጠቀሰ። በ2013 ቶማስ ሄርንደን የሚባል የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ አምኸርስት፣ ተማሪ ለክፍል ሥራ ውጤቱን መልሶ ለማግኘት ሞከረ፤ አልመጣለትም። ደራሲዎቹ የኤክሴል ፋይላቸውን ሲልኩለት አንድ ቀመር አምስት አገሮችን ሳይጨምር ቀርቶ አገኘው። ከሌሎች የአሠራር ልዩነቶች ጋር ሲደመር፣ ዕዳቸው ከአገር ውስጥ ምርታቸው 90 በመቶ በላይ ለሆነ አገሮች የተገለጸው አማካይ ዕድገት ከ0 በታች 0.1 በመቶ ሆኖ ሳለ፣ ሄርንደንና መምህራኑ 2.2 በመቶ አገኙ። ደራሲዎቹ የቀመሩን ስህተት አምነው ዋናው መደምደሚያችን ግን አልተናጋም ብለዋል፤ ክርክሩ የእነሱ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ትምህርት ሌላ ነው፦ አንድ ተማሪ የሊቃውንትን ሥራ ሊፈትሽ የቻለው ፋይሉ ስለተሰጠው ነው።

በ2020 ደግሞ በእንግሊዝ ከ15,000 በላይ የኮቪድ ታማሚዎች ከሪፖርቱ ወድቀው ተገኙ። ያረጀ የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይይዝ ነው። ሀብታም አገር መሆን ከዚህ አያድንም። የሚያድነው ሥራን ለሌላ ዓይን ክፍት ማድረግ ነው።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። ከየዩኒቨርሲቲው በር ውጭ «ዳታ አናሊሲስ እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ ያላየ አለ? ተማሪው መጠይቁን ይሰጣል፣ ይከፍላል፣ ሠንጠረዥ ተቀብሎ ይመለሳል። አማካሪው ሠንጠረዡን እንጂ የሠራውን እጅ አያይም። ተማሪው ኮዱን አብሮ ቢያስረክብ ግን አማካሪው «እስቲ ይቺን መስመር አስረዳኝ፤ እድሜን ለምን ከዚህ ቆረጥከው?» ይለዋል። ራሱ የሠራ ይመልሳል።

የሚነሡ ተቃውሞዎችን አውቃለሁ፤ ከባድ ናቸውና አላቃልላቸውም። «ኮድ ለተማሪ ይከብዳል» ይባላል። እውነት ነው፣ የመጀመሪያው ወር ያንገላታል። ለዚያ በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው «ጃስፕ» እና በአር ላይ የቆመው «ጃሞቪ» አሉ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ በማውዝ ይሠራሉ። ጃሞቪ የአሩን ኮድ ጭምር ስለሚያሳይ እንደ መሰላል ያገለግላል። «ስህተት ቢኖርበት ማን ይጠየቃል?» ይባላል። የንግድ ፕሮግራሞችን የፈቃድ ውል እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው አምራቾቹም ኃላፊነታቸውን እንደሚገድቡ ያያል፤ ክፍቱን ግን ቢያንስ ከፍተን ማየት እንችላለን። ይህ ማለት ሁሉም ፓኬጅ እኩል ይታመናል ማለት አይደለም። አንዳንዱ በደንብ አልተፈተሸም፣ አንዳንዱ እትም ሲቀየር የድሮውን ኮድ ያስተጓጉላል። መምረጥና የእትሙን ቁጥር መመዝገብ መማር አለብን።

«ኢንተርኔትስ?» ትሉኝ ይሆናል። የአር መጫኛ ከ100 ሜጋባይት ያንሳል። ፓኬጆቹንም በግቢው ውስጥ ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ኔትወርክ ሲቋረጥም ላቡ ሥራውን አያቆምም።

«መምህሩስ መቼ ይማረው?» ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ሦስት ኮርስ የሚያስተምርና ሃያ ተማሪ የሚያማክር ሰው ቅዳሜውን ሊቀማ አይገባም። ስለዚህ ልመናዬን ለሁላችንም ላከፋፍለው።

ከመምህሮቻችን የምጠይቀው አንድ ብቻ ነው። የለመዳችሁትን ፕሮግራም ተዉ አልልም። ተማሪ በክፍት መሣሪያ ሠርቶ ሲመጣ ተቀበሉት፤ በየትኛውም ቢሠራ ደግሞ ትዕዛዞቹን ከቴሲሱ ጋር አባሪ አድርጎ እንዲያስረክብ ጠይቁ። የንግድ ፕሮግራሞቹም ትዕዛዝን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይችላሉ።

ከማኅበራችን የምጠይቀው ያንን የግቢ ሰርቨር ነው። ላለፉት ዓመታት ወንበርና ቀለም አዋጥተናል፤ ደግ አደረግን። አንድ ሰርቨር፣ ጥቂት ትልልቅ ሃርድ ዲስኮች፣ በየስድስት ወሩ የሚያድሰው አንድ ሰው፤ ከዚህ በላይ አይፈልግም።

ከእኛ፣ በባንክ፣ በጤና ቢሮ፣ በቴሌኮም፣ በውጭም አገር ከተበተንነው፣ ጊዜ እጠይቃለሁ። በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ብቻ። በአካል ያልቻለ በስልክ። ተማሪውም መምህሩም ያቃተውን ይዞ ይመጣል፤ አብረን እንፈታዋለን። የዘመን መቀየሪያዋን ፈንክሽን፣ የአማርኛ ግራፍ አሠራሩን፣ የጤና ጥናቱን የክብደት ስሌት በአማርኛ ማስረጃ ጽፈን በዚያው ሰርቨር ላይ እናኑር። አገራችን ደቦን ታውቃለች፤ የአንዱ ማሳ ታጭዶ ሲያልቅ ወደ ሌላው ይታለፋል። ክፍት ምንጭን የሠሩት ሰዎችም ያደረጉት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ያቺ ልጅ ዛሬ ሌላ ቦታ ተቀጥራለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የሚመጣው ዓመት ተመራቂ ግን ለፈተና ሲቀመጥ «ሶፍትዌሩ የለም እንዴ?» ከማለት ይልቅ «ፍላሼ ውስጥ አለ፣ ልጫነው?» ቢል፣ የማንንም ፈቃድ ሳይሰብር፣ ይህን ለማየት ብዙ ዓመት አያስፈልገንም። አንድ ሴሚስተር ይበቃል።

የቅዳሜውን ስም ዝርዝር ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ሻይ ከመጠጣታችሁ በፊት ፈርሙልኝ።